የፒክአፕ ሾክ በቤት ሲቀየር ብሎኖችን በልክ ማጥበቅ

ከጅማ ወጥቶ ወደ አጋሮ፣ ወደ ዴዶ ወይም ወደ ሰቃ ከሄደ በኋላ አስፋልቱን ትቶ ወደ ቡና ማሳዎች የሚታጠፍ ፒክአፕ፣ ሾክ አብዞርበሩ ቶሎ እንደሚያረጅ ባለቤቱ ያውቀዋል። በተለይ ጎማ ወረዳ፣ ስሟ ጎማ ይሁን እንጂ፣ በክረምት ለጎማም ለሾክም የምትራራ አይደለችም። ሾክን በቤት ግቢ መቀየር የሚቻል ሥራ ነው። ሆኖም ብዙ ሰው አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን እስኪገጥም ድረስ በጥንቃቄ ይሠራና፣ ማጥበቁ ላይ ሲደርስ ቁልፉን «እምቢ እስኪል» ስቦ እጁን ይታጠባል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለዚህ ለመጨረሻው ክፍል ነው፤ የትኛው ብሎን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ፣ ከዚያም በላይ መኪናው በምን ሁኔታ ላይ እያለ እንደሚጠብቅ ያስረዳል።

የተገለጸው አሠራር ሾኩ በሞላው መካከል ገብቶ ሁለቱ አንድ ላይ ለተያዙበት የፊት እግር ነው። ከእ.ኤ.አ. 2005 ወዲህ ያለው ሃይሉክስ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሾኩ ከላይ በ3 ዳዶ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ ከታች ደግሞ በጎሚኒ፣ ማለትም በብረት ቱቦ ዙሪያ በተጣበቀ ጎማ፣ ውስጥ በሚያልፍ 1 ወፍራም ብሎን ከታችኛው ክንድ ጋር ይያያዛል። የመጀመሪያው ትውልድ ዲማክስ በሞላ ፈንታ ቶርሽን ባር የሚባል ተጠምዛዥ የብረት ዘንግ ስላለው ሾኩ ብቻውን ይወጣል፤ የማጥበቁ ሥርዓት ግን በመሠረቱ አንድ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባት በፊት አንድ ክልከላ አለ። ከላይ ካሉት 3 ዳዶዎች ሌላ፣ በመሀላቸው በሾኩ ዘንግ አናት ላይ ያለችውን ዳዶ በምንም ምክንያት አይፍቱ። ታፍኖ የተቀመጠውን ሞላ የያዘችው እርስዋ ስለሆነች፣ ስትፈታ ሞላው የሚወረወርበት ጉልበት ሰው ይገድላል። አሮጌውን ሞላ ወደ አዲሱ ሾክ ማዛወር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ሾኩን ከነሞላው አውልቀው ትክክለኛ የሞላ ማፈኛ ወዳለው ገራዥ ይውሰዱት። በገመድ ወይም በሽቦ ታስሮ የሚፈታ ሞላ አይቻለሁ፤ ሠሪው በሰላም ወደ ቤቱ ቢገባም ትክክል ሠራ ማለት አይደለም።

መኪናውን ማቆምና መለካት

የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ከጠጣ ክሪክን እንደ ቅቤ ያሰጥማል። ስለዚህ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ቦታ ከሌለ፣ ከክሪኩና ከብረት መደገፊያው ሥር ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ የእንጨት ጣውላ ያንጥፉ። የኋላ ጎማዎችን በፊትም በኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ሽብልቅ ያግዱ፤ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። መኪናው ከተነሣ በኋላ ሻንሲው በብረት መደገፊያ ላይ መቀመጥ አለበት፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አይገባም።

ክሪኩን ከመንካትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይለኩ። መኪናው ባዶ ሆኖ በደልዳላ መሬት ላይ በ4 ጎማው ቆሞ ሳለ፣ ከጎማው መካከለኛ ነጥብ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው የታችኛ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩና ለግራውም ለቀኙም ቁጥሩን በካርቶን ላይ ይጻፉ። ለምሳሌ በግራ 53፣ በቀኝ 52.5 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ፣ ሥራው ሲያልቅ የሚፈልጓቸው ሁለት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ይህ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሲዘለል የሚያመጣውን መዘዝ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መፍታትና ማጽዳት

የቸርኬ ዳዶዎችን ጎማው መሬት ላይ እያለ ለቀቅ ያድርጉና፣ መኪናውን አንሥተው በመደገፊያው ላይ ካስቀመጡ በኋላ ጎማውን ያውጡ። ያወጡትን ጎማ ከሻንሲው ሥር ያስተኙት፤ መደገፊያው ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው። የዛጉትን ብሎኖች ከአንድ ቀን በፊት በዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ከሌለም በላምባ አርሰው ቢያሳድሩ፣ በማግሥቱ ከቧንቧ ጋር ከመታገል ይድናሉ። ቦታ ለማግኘት የስታቢላይዘሩን፣ ማለትም መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ፣ ማያያዣ መፍታት ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። የታችኛው ክንድ ወደ ታች ሲወርድ ግን የፍሬን ጎማ ቱቦ እንዳይወጠር፣ ክንዱንም ክሪክ ከሥሩ ሆኖ እንዲይዘው ያድርጉ። በመጨረሻ የታችኛውን ብሎን፣ ከዚያም የላዮቹን 3 ዳዶዎች ፈትተው ሾኩን በእጅዎ እየደገፉ ያውጡት። ከባድ ስለሆነ በመጨረሻዋ ዳዶ ላይ ሁለተኛ ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ማጽዳቱ ብዙዎች የሚንቁት፣ እኔ ግን ከማጥበቁ እኩል የማየው ሥራ ነው። ሁለት ብረቶች የሚገናኙበት ገጽ ላይ የደረቀ ጭቃ፣ የተላጠ ቀለም ወይም ዝገት ካለ፣ ብሎኑ ዛሬ በትክክለኛው ልክ ቢጠብቅም መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ያ ቆሻሻ ተፈጭቶ ይወጣል። በቦታው የቀረችው የፀጉር ያህል ክፍተት ብሎኑ ይዞት የነበረውን ውጥረት ትወስደዋለች። ሰዎች «ብሎኑ ራሱ ላላ» ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ሳይዞር የላላው ከሥሩ ያለው ቆሻሻ ስለሄደ ነው። ስለዚህ የክንዱን መያዣ የውስጥ ጎኖች፣ የላይኛውን መቀመጫ፣ የሮንደላዎቹን ሁለት ፊትና የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ፍቀው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ።

ጥርሱን ዘይት ወይም ግሪስ መቀባት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ብሎንን ስናጠብቅ ከምናወጣው ጉልበት በግምት ግማሹ በብሎኑ ራስ ወይም በዳዶው ሥር ባለው ፍትጊያ፣ 40 በመቶው ደግሞ በጥርሱ ፍትጊያ ይበላል፤ ብሎኑን ስቦ የሚወጥረው ወደ 10 በመቶ የሚጠጋው ብቻ ነው። ጥርሱ ሲቀባ ፍትጊያው ይቀንስና በዚያው የማጥበቂያ ልክ ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይሳባል፤ አልፎ አልፎም ይበጠሳል። የአምራቹ መመሪያ ቅቡ ካላለ፣ ቁጥሩ የተሰጠው ለንጹሕና ደረቅ ጥርስ ነው ብለው ይያዙ።

የውስጥ ቀለበቱ ናይለን የሆነ ዳዶ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ ይተካል። ምትክ ብሎን ከገበያ ሲገዙ ራሱ ላይ የታተመውን ቁጥር ይመልከቱ። 8.8 የሚለው ብሎን በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን፣ 10.9 የሚለው 1,000 ኒውተን ሳይበጠስ እንዲሸከም የተሠራ ነው። ምንም ቁጥር የሌለው የሚያብረቀርቅ ብሎን ለአጥር በር ይሆናል፤ ለመኪና እግር አይሆንም።

አዲሱን መግጠም

አዲሱን ሾክ ወደ ላይ አስገብተው 3ቱን የላይ ዳዶዎች በጣት ብቻ ያስይዙ። ከዚያ ክንዱን በክሪኩ ቀስ አድርገው እያነሡ የጎሚኒውን ቀዳዳ ከክንዱ ቀዳዳ ጋር ያገናኙና ብሎኑን በወጣበት አቅጣጫ ይክተቱ። ቀዳዳዎቹ ሳይገጥሙ ብሎኑን በመዶሻ መምታት ጥርሱን ያበላሻል። በትክክል የገጠመ ብሎን በእጅ ተገፍቶ ይገባል፣ ዳዶውም ቢያንስ 5 ወይም 6 ዙር ያለ ቁልፍ ይሄዳል። ዳዶው በሁለተኛው ዙር ላይ ቢከብድ ጥርሱ ተዛንፎ ይዟልና ፈትተው እንደገና ይጀምሩ።

የላዮቹ 3 ዳዶዎች ብረትን ከብረት ጋር ስለሚያስሩ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለም እስከ መጨረሻው ልካቸው ሊጠብቁ ይችላሉ። አንዷን ጨርሶ ወደ ሌላዋ መሄድ መቀመጫውን ያዛባል። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስቱንም በግማሽ ልክ፣ ቀጥሎ ሦስቱንም በሙሉ ልክ ያጥብቁ፤ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ዞረው ይፈትሿቸው።

የታችኛው ብሎን ግን ለጊዜው ዳዶው መቀመጫውን እስኪነካ ብቻ ይጠብቅና ይቆይ።

የታችኛው ብሎን የሚጠብቅበት ሰዓት

ጎሚኒ ማለት በውስጡ የብረት ቱቦ፣ በዙሪያው ከቱቦው ጋር የተጣበቀ ጎማ ያለው ዕቃ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ በመያዣው ሁለት ጎኖች መካከል ይነከስና ከክንዱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ቱቦው በብሎኑ ላይ አይሽከረከርም፤ የሚጠመዘዘው ጎማው ነው። እግሩ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ካጠበቅን፣ ጎማው ያንን የተንጠለጠለ ቦታ የማረፊያ ቦታው አድርጎ ይይዘዋል። መኪናው መሬት ሲነካ ክንዱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጎማውም ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ በአንድ ወገን ተጠምዝዞ ይቆማል። በላዩ ላይ የመንገዱ ጉድጓድ ሲጨመርበት ዕድሜው በወራት ይቆጠራል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው። አንድ ክረምት፣ አጂፕ ሰፈር ባለው ግቢያችን የሁለቱንም እግር ሾክ ቀየርኩና፣ ጎማዎቹ ሳይገጠሙ ቦታው ስለተመቸኝ ሁሉንም ብሎን አጥብቄ ጨረስኩ። 3 ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከአጋሮ ስመለስ ከፊት በግራ በኩል እንደ አሮጌ የእንጨት አልጋ የሚንቋቋ ድምፅ መጣ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ከሥሩ ገብተው በጣታቸው ጎሚኒውን ሲነኩት ጎማው ከቱቦው ዙሪያውን ተላቆ ነበር። «ልጄ፣ ሾክህ ደህና ነው፤ አንተ ግን ጎሚኒውን እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዘህ ነው ያሰርከው» አሉኝ። ብሎኑን ራሳቸው ለቀቅ ሲያደርጉት የተላቀቀው ቱቦ በጎማው ውስጥ ሩብ ዙር ያህል ሲዞር አሳዩኝ።

ትክክለኛው አሠራር እንግዲህ ክንዱን መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ወደሚይዘው ቦታ መልሶ ማጥበቅ ነው። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ጎማውን ገጥሞ መኪናውን ወደ መሬት ማውረድ፣ የፊቱን ክፍል ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ጫን ጫን አድርጎ ማላወስና፣ ከዚያ ከጎን ሆኖ ብሎኑን ማጥበቅ ነው። ፒክአፕ ከመሬት ከፍ ስለሚል ቁልፍ ለማዞር ብዙ ጊዜ በቂ ቦታ ይገኛል። ሁለተኛው ጎማው ሳይገጠም ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ለቦል ጆይንቱ፣ ማለትም ክንዱ ከጎማ ማሰሪያው ጋር ለሚገናኝበት ኳስ መሳይ መጋጠሚያ፣ በሚቀርበው ወገን አድርጎ ቀስ እያሉ ማንሣት ነው፤ ከጎማ ማሰሪያው መካከለኛ ነጥብ እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት መጀመሪያ በካርቶኑ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር ሲደርስ እዚያው ያጠብቃሉ። ቁጥሩ ላይ ሳይደርስ ሻንሲው ከመደገፊያው መነሣት ከጀመረ ያቁሙና የመጀመሪያውን መንገድ ይከተሉ። አዲሱ ሞላ ከአሮጌው ከፍ የሚል ከሆነም የድሮው ቁጥር ስለማያገለግል መኪናውን መሬት ላይ አውርደው ያጥብቁ።

ሾኩን ለማውጣት ሲሉ የክንዶቹን የውስጥ ብሎኖች ለቀቅ አድርገው ከነበረ፣ እነዚያም በጎሚኒ ውስጥ ስለሚያልፉ በዚሁ ሥርዓት ይጠብቃሉ። የቦል ጆይንት ዳዶ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ባለ ጥርስ አክሊል ሆኖ በሚታጠፍ ፒን የሚታገድ ከሆነ፣ በታዘዘው ልክ ከጠበቀ በኋላ የፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ወደፊት ትንሽ ጨምረው ያጥብቁት እንጂ ለማስተካከል ሲሉ ወደ ኋላ አይፍቱት። ፒኑም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ልኩን ማግኘትና መለኪያውን መጠቀም

የእያንዳንዱ ብሎን ልክ የሚገኘው ከመኪናው ሞዴልና ዓመት መመሪያ ነው። ቁጥሩን ሲያነቡ የተጻፈበትን መለኪያ ይለዩ። የቆዩ የቶዮታ መመሪያዎች አንዱን ልክ በኒውተን ሜትር፣ በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትርና በፓውንድ ጫማ ጎን ለጎን ይጽፋሉ። 1,000 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር 98 ኒውተን ሜትር ነው። 100 ፓውንድ ጫማ ደግሞ 136 ኒውተን ሜትር ስለሆነ፣ ሁለቱን ያምታታ ሰው ብሎኑን ከሲሶ በላይ አብልጦ ያጠብቃል ወይም ከሩብ በላይ አጉድሎ ይተወዋል። ያገኙት ልክ አለመሳሳቱን ለመገመት፣ ደረቅ ጥርስ ላለው 8.8 ብሎን በውፍረቱ መጠን የሚሰጡትን የተለመዱ ልኮች ማወቅ ይጠቅማል፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ወደ 50፣ ለ12 ሚሊ ሜትር ወደ 85፣ ለ14 ሚሊ ሜትር ወደ 135 ኒውተን ሜትር ነው። እነዚህ ቁጥሮች መመሪያውን አይተኩም፤ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ ብሎን 300 የሚል ወረቀት ቢያዩ ግን እንዲጠራጠሩ ያደርጋሉ።

ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የማጥበቂያውን ልክ የሚለካ ቁልፍ፣ ካለዎት በሚፈለገው ቁጥር ላይ ሞልተው፣ እጀታውን በመያዣው ቦታ ብቻ ይዘው፣ ሳይነጥቁ በዝግታ ይሳቡ። «ቀጭ» ሲል ያቁሙ። ለማረጋገጥ እያሉ ሦስቴና አራቴ ማስጮህ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ይጨምርበታል። ብሎኑን እያዞሩ ዳዶውን ከመያዝ ይልቅ፣ በተቻለ መጠን የብሎኑን ራስ በሌላ ቁልፍ ይዘው ዳዶውን ያዙሩ። በቶርክ ቁልፍ ብሎን አይፈታም፤ ሥራው ሲያልቅም ወደ ዝቅተኛ ቁጥሩ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ተወጥሮ የከረመ መለኪያ ይዋሻልና። በቡሶላው ላይ ቀጥ ብሎ የሚገባ ማራዘሚያ ልኩን አይለውጥም። ወደ ፊት የሚረዝም ቅጥያ ግን ይለውጠዋል፤ የቁልፉ ርዝመት 40፣ ቅጥያው 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 100 ኒውተን ሜትር ቢፈለግ፣ 100ን በ40 አባዝቶ ለ45 በማካፈል ቁልፉ በ89 ላይ ይሞላል።

ቶርክ ቁልፍ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጅማ የቡና አገር መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቡና የሚገዛና የሚሸጥ ቤት ሁሉ ባለ መንጠቆ ተንጠልጣይ ሚዛን አያጣም፤ ይህ ሚዛን ክብደትን እንደሚያነብ ሁሉ ስበትንም ያነባል። ረጅም እጀታ ያለው የቡሶላ ቁልፍ ይውሰዱና ከቡሶላው መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው በእጀታው ላይ ምልክት ያድርጉ። መንጠቆውን በገመድ በምልክቱ ላይ አስረው፣ ገመዱ ከእጀታው ጋር እንደ ማዕዘን ሚዛን ቀጥ ያለ 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርገው ይሳቡ። መመሪያው 120 ኒውተን ሜትር ካለ፣ 120ን ለ9.81 ያካፍሉ፤ 12.2 ይመጣል። ይህን ለ0.6 ሜትር ሲያካፍሉ 20.4 ይሆናል፤ ሚዛኑ 20 ኪሎ ከግማሽ ሊያነብ ሲቃረብ ብሎኑ ልኩ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ገመዱ ወደ ጎን ዘመም ካለ ሚዛኑ ብዙ እያነበበ ብሎኑ ግን ጥቂት ይደርሰዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ይሳብ፣ ሌላው ማዕዘኑንና ቁጥሩን ይመልከት። እኔ ይህን ዘዴ ከተዋስኩት ቶርክ ቁልፍ ጋር በአንድ ብሎን ላይ አስተያይቼው፣ ልዩነቱ ከዓይን ስሕተት ያለፈ አልነበረም። ከሚዛን ሻጩ ጋር ላለመጣላት ግን ገመዱን ንጹሕ፣ እጅዎንም ከግሪስ የጸዳ ያድርጉ።

በአየር የሚሠራው የገራዥ መፍቻ ለመፍታት መልካም ነው። ለመጨረሻው ማጥበቅ ግን ልኩን የሚያውቅ የለምና አይጠቀሙበት።

ጎማውን መመለስና ከመንገድ በኋላ መፈተሽ

የቸርኬ ዳዶዎች በእጅ ከገቡ በኋላ ጎማው መሬት ነክቶ፣ ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን ከፊት ለፊት እየተሻገሩ በሁለት ዙር ይጠብቃሉ፤ ልካቸውም እንደሌላው ሁሉ ከመመሪያው ይወሰዳል። የቸርኬውና የማሰሪያው ገጽ መካከል ጭቃ እንዳይኖር ያረጋግጡ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ያጠበቁት ዳዶ ላይ፣ ከብሎኑ ጫፍ ጀምሮ በዳዶው ላይ አልፎ እስከ መያዣው ብረት የሚደርስ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ። የእኛ ቤት ቀለም የእህቴ የጥፍር ቀለም ነው፤ ቶሎ ይደርቃል፣ በጭቃም በውኃም አይለቅም፣ ቀዩም እንደ ነጩ ያገለግላል። የሁለቱም እግር ሾክ በአንድ ቀን ካልተቀየረ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሆኖ መኪናው በኮረኮንች ላይ ወደ አንድ ወገን ስለሚዘል፣ ይህን ሁሉ በሌላው እግርም ይድገሙት።

ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለመጀመሪያው ፍተሻ የሚበቃ ጉዞ ነው። ሲመለሱ መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላ የቸርኬ ዳዶዎችን በዚያው ልክ እንደገና ይሞክሩ። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ከሥር ገብተው መስመሮቹን ይመልከቱ። መስመሩ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ከቆየ ዳዶው አልዞረም ማለት ነው፤ ከሥሩ የተቀመጠ ቆሻሻ ተፈጭቶ ውጥረቱን እንዳይወስደው ግን እነዚህንም በቶርክ ቁልፉ በዚያው ልክ አንድ ጊዜ ይሞክሯቸው። የታችኛው ብሎን ሲሞከር እንደ መጀመሪያው ሁሉ መኪናው በጎማው ቆሞ ይሁን። መስመሩ ተሰብሮ ቢገኝ ዳዶውን ዝም ብለው ከማጥበቅ ይልቅ ፈትተው ገጹን ያጽዱ፣ ዳዶው ናይለን ካለው ይቀይሩትና መኪናውን በጎማው አቁመው ከመጀመሪያው ልክ ይጀምሩ። መሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ወይም ጎማው በአንድ ጠርዝ መበላት የጀመረ ከሆነ፣ የብሎኑ ጉዳይ ስላልሆነ አላይመንት ወደሚሠራበት ቦታ ይውሰዱት።